ያልታጠበው አቡጀዲ

የበደለችኝ ወይዘሮ ብርቅነሽ ተገኘ ናት። የበደለችኝም ቢቸና ላይ፣ በሰማንያዎቹ መጨረሻ፣ ከዳግማ ትንሣኤ በኋላ ባለው የሠርግ ሰሞን ነው።

ይህን መጀመሪያ ላይ የማስቀምጠው ሌላ ሌላውን ሳወራ እንዳይሸፈንብኝ ነው። ስለ እሷ ብዙ መልካም ነገር መናገር ይቻላል። እኔም የሚገባትን ያህል እናገራለሁ። መልካሙ ግን በደሉን አይሽረውም።

መሞቷን የነገረችኝ ሙሉ ናት። ሙሉ ያኔ ቢቸና፣ ብርቅነሽ ቤት፣ አብራኝ ስፌት የተማረች ሴት ናት። ልጇ አሁን እኔ ያለሁበት ሞጣ ስለተዳረች አልፎ አልፎ ትመጣለች። የዚያን ቀን ነጠላዋን አዘቅዝቃ በራፌ ላይ ቆመች። ማን እንደሞተ ሳልጠይቃት፣

“እትዬ ብርቄ አረፉ” አለችኝ።

“መቼ?”

“ሳምንት ሆናቸው። እንዴት ሳትሰሚ? ቢቸና እኮ ተነቅሎ ነው የወጣው!”

“አልሰማሁም።”

“ታዲያ ለቅሶ አትደርሽም?”

የያዝኩትን ስፌት ዳር ሳላደርስ አልመለስኩላትም። ሙሉ ታውቀኛለች፤ ጠበቀችኝ። ከዚያ ቀና ብዬ አንድ ነገር ጠየቅኳት። ጥያቄዬንም መልሷንም በቦታው እጽፈዋለሁ።

በሕይወት ሳለች “እርስዎ” እያልኳት ኖሬአለሁ። አሁን “እሷ” እላታለሁ። ሙት ወቃሽ የሚለኝ ይበል።

የብርቅነሽ ቤት ቢቸና ከገበያው ከፍ ብሎ፣ መንገድ ዳር ነበር። ክረምት ሲገባ የቢቸና ጭቃ ጫማ ከእግር ያወልቃል። እሷ ደጃፍ ግን ጠጠር ተነስንሷል፣ ከበራፉ ላይ ጆንያ ተነጥፏል፣ ከጆንያው አጠገብ ውኃ የሞላ ጣሳ ተቀምጧል። እግሯን ሳትታጠብ የገባች ልጅ አልነበረችም። ነጭ ጨርቅ የሚሠራበት ቤት ነው።

እሷ ራሷ ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገቷ እንደ ምሰሶ የቆመ ሴት ነበረች። ነጠላዋ ጥለት ላይ ክር የገባ መርፌ ሰክታ ነበር የምትዞረው፤ ገበያም፣ ቤተ ክርስቲያንም፣ ለቅሶም። አንድ ጊዜ በቅዳሴ መካከል ከፊቷ የቆመችውን ሴት የቀሚስ ጫፍ ተተርትሮ አይታ፣ ጎንበስ ብላ፣ ሴትዮዋ ሳታውቅ ሰፋችላት ይባላል። አየሁ የሚል ሰው ግን አላገኘሁም።

ወደ እሷ የሚመጡት ቀሚስ መስፋት ሊማሩ ነው፤ ማሽን መርገጥ ሊማሩ ነው። እሷ ግን ሁሉንም በትራስ ልብስ ነበር የምትጀምራቸው። እሱንም በእጅ።

“ትራስ አንገት የለው፣ ትከሻ የለው፣ ዳሌ የለው” ትል ነበር። “ዝም ብሎ ለሚተኛ ነገር ልብስ መስፋት ያቃታት፣ ለሚራመድ ሰው ልትሰፋ ነው?”

መጀመሪያ ጨርቁ ይታጠባል። አቡጀዲ ከሱቅ ሲመጣ የፋብሪካ ሙጫ አለበት፤ ሲነኩት ይንኮሻኮሻል። ውኃ ሲገባው ሙጫው ይለቅና ጨርቁ ይሰበሰባል። ስለዚህ ተዘፍዝፎ ይውላል፣ ይታጠባል፣ ጥላ ላይ ይሰጣል፣ እርጥበቱ ጨርሶ ሳይለቀው በካውያ ይተኮሳል። መቀስ የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው። “ጨርቅ እንደ ሰው ነው፤ ውኃ ሳይነካው ልኩ አይታወቅም።” ይህ የእሷ አባባል ነው። ቢቸና ውስጥ ይህን ቃል ከእሷ አፍ ያልሰማ የለም።

ከዚያ ይለካል። ወርዱ የትራሱ ወርድ፣ በላዩ ለስፌት ሁለት ጣት። ርዝመቱ የትራሱ ርዝመት እጥፍ፣ በላዩ ለመደራረቢያ አንድ ስንዝር፣ ለጫፎቹ ማጠፊያ አራት ጣት። አንድ ወጥ ጨርቅ ነው፤ ቁልፍ የለው፣ ዚፕ የለው። ሁለቱ አጫጭር ጫፎች ታጥፈው ይዘመዘማሉ። ከዚያ ጨርቁ መልኩን፣ የሚታየውን ፊቱን፣ ወደ ላይ አድርጎ ይዘረጋል፤ ሁለቱ ጫፎች ወደ መሀል መጥተው በስንዝር ይደራረባሉ፤ ላይና ታቹ ይሰፋል። በመደራረቢያው አፍ እጅ ይገባና ይገለበጣል። አራቱ ጆሮዎች፣ ማዕዘኖቹ፣ በጣት ተገፍተው ይወጣሉ። በመቀስ ጫፍ ልግፋ ያለች ጆሮውን ቀዳ ታለቅሳለች። ትራሱ በዚያው አፍ ይገባል፤ መደራረቢያው ይከድነዋል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ሲነገር ቀላል ነው። ጀማሪ ሁሉ ግን መልኩን ወደ ውጭ አድርጋ ትሰፋዋለች። እኔ ደግሞ የባሰ ሠራሁ፤ መደራረቢያውንም አብሬ ሰፋሁት። ብርቅነሽ ተቀብላኝ አገላብጣ አፉን ፈለገች፤ አጣች። ወደ ልጆቹ ዞረች።

“ይሄ ትራስ ጾመኛ ነው እንዴ? በምኑ ሊበላ ነው?”

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ያን ጊዜ ሳቋ አይጎዳም ነበር።

ሥራ ስታይ ላዩን አታይም። “ውስጡን አሳዪኝ፤ ላዩንማ ማን ያቅተዋል” ብላ ትገለብጠዋለች። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና ስፌቱን በአውራ ጣቷ ትሄድበታለች። ጣቷ የቆመበት ቦታ ላይ ስህተት አለ። አንድ ቀንም ተሳስታ አላየሁም።

ወደ እሷ ቤት እንዴት እንደመጣሁ ብዙ አልናገርም። ባል አግብቼ ፈትቻለሁ። ደብረ ወርቅ አጠገብ ወንድሜ ቤት ነበርኩ፤ ወንድሜም ሁለተኛ ሊድረኝ ሰው እያማረጠ ነበር። እኔ የምፈልገው በሩን ከውስጥ የምዘጋው አንድ ክፍልና በእጄ የማድርበት ሥራ ነበር። ብርቅነሽ ስፌት ቤቷ ውስጥ ማደሪያ ሰጠችኝ። ከገበታዋ አብልታኛለች። አሞኝ በተኛሁ ጊዜ አጥሚት አፍልታ ራሷ አጠጥታኛለች። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ አልክድም።

ሁለት ዓመት ሳይሞላኝ ሰዎች “ያቺ ከደብረ ወርቅ የመጣችው ትስፋልኝ” ማለት ጀመሩ። ከእነሱ አንዷ ወይዘሮ አስካለ ነበረች፤ ሀብታም አይደለችም ግን ቃሏ የሚሰማላት ሴት። ልጇን ልትድር ነው። የሙሽራዋን አልጋ ልብስና የትራስ ልብስ እኛ ቤት አዘዘች። ለእኔ ደግሞ ለብቻዬ፣ ውኃ ልቀዳ ስሄድ መንገድ ላይ አስቁማ፣

“እኔ ቤት መንገድ ዳር ያለችዋን ክፍል ታውቂያታለሽ?” አለችኝ።

“አውቃታለሁ።”

“የልጄ ትራስ ካማረልኝ ትገቢባታለሽ። የራስሽን ታቤላ ትሰቅይባታለሽ። ለብርቄ እኔ እነግራታለሁ፤ አትፍሪ።”

የዚያን ቀን የቀዳሁትን ውኃ እንዴት አድርጌ ቤት እንዳደረስኩት አላውቅም።

ብርቅነሽ የትራሱን ሥራ ለእኔ ሰጠችኝ። ጨርቁን ከሣጥን አውጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ።

“አጥቤዋለሁ። ቁረጪው።”

ዘረጋሁት። ጣቴ ላይ ሻከረኝ። ጠርዙን ጨመቅ አድርጌ ለቀቅኩት፤ ተንኮሻኮሸ።

“እትዬ፣ ይሄ ጨርቅ ታጥቧል?”

“አጥቤዋለሁ አላልኩሽም?”

“ይንኮሻኮሻል ብዬ ነው።”

“ተኩሼዋለኋ! ከካውያ የወጣ ጨርቅ እንደ ቅቤ ይቅለጥልሽ? ደግሞ ብለሽ ብለሽ እኔን ልታስተምሪኝ ነው? ቁረጪ!”

ሙሉ አጠገቤ ነበረች። አፏን በመዳፏ ይዛ ሳቀች። እኔም ቆረጥኩ።

አሁን ይህን የሚሰማ ሰው “ጣትሽ ከነገረሽ ለምን ራስሽ አልነከርሽውም?” ይለኛል። እንዲህ የሚል ሰው በታላቅ ሰው ቤት ተጠግቶ አድሮ አያውቅም። “አጥቤዋለሁ” ያለች ሴት የሰጠችውን ጨርቅ መልሶ መንከር በፊቷ “ዋሽተሻል” ማለት ነው። የምታድርበት የሌላት ፈት ሴት ይህን አትልም። እሷ ራሷ ያስተማረችኝን ጣቴን አላመንኩም፤ እሷን አመንኩ።

ጥልፉ ሁለት ትይዩ የቆሙ ርግቦች ነበር፤ ጠርዙ በዳንቴል የተከበበ። በሕይወቴ የዚያን ያህል ተጠንቅቄ የሠራሁት ነገር የለም። በመልሱ ዕለት ሴቶቹ ጓዳ እየገቡ አዩት። ወይዘሮ አስካለ ከሰው መሀል ጠርታ ሳመችኝና “እጅሽ ይባረክ! ክፍሏን ከነገ ጀምሮ አስጠርጋታለሁ” አለችኝ። ብርቅነሽ አጠገቧ ነበረች፤ ሰማች።

ክፍሏ ተጠረገች። ገብቼ አይቻታለሁ። ግድግዳዋ በነጭ አፈር ተለቅልቋል፣ መስኮቷ ወደ መንገድ ነው። ማሽን ሲገኝ የት እንደማስቀምጠው እንኳ ለክቼ ነበር።

ከዚያ ሙሽራዋ ለበዓል ብላ የትራስ ልብሶቹን አጠበቻቸው።

ወይዘሮ አስካለ ስትመጣ ሁላችንም በሥራ ላይ ነበርን፤ ቤቱ በልጆች ተሞልቷል። ሰላም ሳትል ከዘንቢሏ አንዱን ትራስ ከነልብሱ አውጥታ ብርቅነሽ እግር ሥር ጣለችው። ጨርቁ ተኮማትሯል። ርግቦቹ ተጨማደው ፊታቸው ተጣሟል። መደራረቢያው አልደርስ ብሎ ትራሱ ከኋላ አፉን ከፍቷል፤ የውስጡ አሮጌ ጨርቅ ይታያል።

“አማቶቿ ምን እንዳሏት ታውቂያለሽ ብርቄ? ‘እናትሽ የሕፃን ትራስ ነው እንዴ ያሸከመችሽ?’ አሏት። በእንግዳ ፊት! ልጄ ስታለቅስ ነው ያደረችው።”

ብርቅነሽ ጎንበስ ብላ አነሳችው። ትራሱን ከውስጡ አወጣች። እንደ ልማዷ ገለበጠችው። ዓይኗን ጨፈነችና አውራ ጣቷን በስፌቱ ላይ አሳለፈች። ያን ጊዜ ልቤ አረፈ። አሁን ትናገራለች አልኩ። ‘አጥቤዋለሁ ያልኳት እኔ ነኝ’፣ ወይም ‘ረስቼው ነው’ ትላለች አልኩ። ዓይኗን ገለጠች።

“ስፌቱ የኔ አይደለም” አለች።

“የማን ነው ታዲያ?”

በአገጯ ወደ እኔ አመለከተች። “አጥበሽ ቁረጪ ብያት ነበር። ምን ላድርግ፣ ቸኮለች። ክፍል ልትገባ አይደል!”

“እትዬ...” አልኩ።

“ዝም በይ!” አለችኝ። ወዲያው ድምጿን አለዘበች። “ዝም በይ የኔ ልጅ። ጥፋትሽን እኔ እሸከመዋለሁ። አስካለ፣ በኔ ወጪ አዲስ ይሠራልሻል። እኔው በእጄ እሠራዋለሁ።”

ሙሉን አየኋት። ‘ይንኮሻኮሻል’ ስል የሰማችው እሷ ናት። ሙሉ ወደ መስኮቱ ዞራ መርፌ ላይ ክር ታስገባ ነበር። መርፌው ግን አስቀድሞም ክር ነበረበት።

ወይዘሮ አስካለ ተነስታ የብርቅነሽን ትከሻ ሳመች። “አንቺስ ደግ ነሽ” አለቻት። እኔን አላየችኝም። ክፍሏን ጨው ነጋዴ ተከራያት።

ብርቅነሽ ከቤቷ አላስወጣችኝም። ሰው ይህን ሲሰማ ደግነቷን ይጨምርላታል። ያስወጣችኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። አዲስ ልጅ ስትመጣ፣ ስለ አቡጀዲ መታጠብ ስታስተምር፣ ወደ እኔ ትጠቁምና “ይቺን እዩአት። ሳታጥብ ቆርጣ በሰው ፊት ያዋረደችኝ እሷ ናት፤ ይኸው እንጀራዬን ትበላለች” ትል ነበር። ልጆቹ ሳይቆዩ “ሳታጥብ” አሉኝ። “ሳታጥብ፣ ካውያውን አቀብዪኝ።” “ሳታጥብ፣ ውኃ ቅጂ።” የበዓል ሸቀጥ የሚያመጣው ነጋዴ እንኳ ስሜ እሱ መስሎት በትህትና “ወይዘሮ ሳታጥብ” ብሎ ጠራኝ። ያን ጊዜ ብርቅነሽ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

ብቻችንን ስንሆን ግን ስለዚያ ጨርቅ አንድም ቃል አትተነፍስም። ከወጡ መልካሙን ወደ እኔ ታሻግራለች። “ብዪ ልጄ” ትላለች።

ክረምቱ ሲወጣ ሄድኩ። በጉንደ ወይን በኩል በአቧራ ታጥኜ ሞጣ ገባሁ። ከእሷ ቤት መርፌ እንኳ አልወሰድኩም፤ መቀሱ የገዛ መቀሴ ነው። ሞጣ ላይ እንዴት እንደኖርኩ የእኔ ጉዳይ ነው። ብርዱ ከባድ ነው፤ ሰው የማያውቀኝ ቦታ መሆኑ ግን ደስ ይለኝ ነበር። መሬት ላይ ዘርግቼ የትራስ ልብስ መሸጥ በጀመርኩ ሰሞን አንዲት ከቢቸና የመጣች የቅቤ ነጋዴ ፊቴ ቆማ ጮኸች።

“እንዴ! ሳታጥብ! አንቺ እዚህ ነሽ?”

ሁለት ሴቶች እጃቸው ላይ የያዙትን መልሰው አስቀመጡ። “ምንድን ነው ሳታጥብ?” አለች አንደኛዋ። ነጋዴዋ ነገረቻት። ጠልታኝ አይደለም፤ ወሬ ስለሚጣፍጣት ብቻ ነው የነገረቻት። የዚያን ቀን አንድም ሳልሸጥ ጠቅልዬ ገባሁ። ሞጣ ላይ ያንን ስም ለማስረሳት ከቢቸናው ይበልጥ ለፋሁ። በኋላ ማሽን ገዛሁ፤ ልጃገረዶች መጡ፤ ማስተማር ጀመርኩ። እንደ እሷ በትራስ ልብስ እጀምራለሁ። ሌላ መንገድ አላውቅም።

የሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት በዓል ካለፈ በኋላ ብርቅነሽ ራሷ ሞጣ መጣች። ዓይኗን ሞራ ሸፍኖት ለሕክምና ነው። በዱላ እየተመራች፣ ሰው እየጠየቀች ቤቴ ደረሰች። ልጆቹ ምሳ ወጥተው ነበር። ተነስቼ ወንበር ሰጠኋት። ተቀምጣ ከመተንፈሷ በፊት እጇ በዳበሳ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጅምር የትራስ ልብስ አገኘ። ገለበጠችው። ጣቷን አሳለፈች።

“ይቺ ልጅ ግራ እጇን አትጠቀምበትም” አለች።

እውነቷን ነበር። ያቺ ልጅ ጨርቁን በጉልበቷ ይዛ በቀኟ ብቻ ነበር የምትሰፋው። ይህን እኔ ለማወቅ ሳምንት ፈጅቶብኛል።

ምሳ አቀረብኩ፤ በላች። እጇን አስታጠብኳት። ከዚያ ጠየቅኳት።

“እትዬ፣ ያንን አቡጀዲ አጥበውት ነበር?”

የትኛውን ብላ አልጠየቀችም።

“አላጠብኩትም። ሌላውን አጥቤ እሱን ያጠብኩ መስሎኝ ነበር።”

“እንዳልታጠበ መቼ አወቁ?”

“አስካለ ከዘንቢል ስታወጣው።”

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። እሷ አልረሳችም ነበር። ሁሉንም ታስታውሳለች።

“ታዲያ ለምን በኔ ላይ?”

እንደ ተራ ነገር ተናገረችው። “አንቺ ልጅ ነበርሽ። ስም ብታጪ ሌላ ስም ትሠሪያለሽ። እኔ ሁለተኛ ስም የምሠራበት ዕድሜ አልነበረኝም። ቢቸና ሁሉ ‘ብርቄ ሳታጥብ አትቆርጥም’ እያለ፣ እኔ ሳላጥብ ሰጠሁ ልበል?” ደግሞ ፈገግ አለች። “እይ እንጂ፣ ሠራሽ። ባላሳፍርሽ ኖሮ ያቺ የአስካለ ክፍል ውስጥ አርጅተሽ ትቀሪ ነበር። በኔ ምክንያት ሰው ሆንሽ።”

ምን ብዬ እንደምመልስ ለብዙ ዓመት አዘጋጅቼ ነበር። ከዚያ ሁሉ የወጣኝ ይህ ብቻ ነው።

“ለወይዘሮ አስካለ ይንገሯት። ሌላ ምንም አልፈልግም። ‘ያላጠብኩት እኔ ነኝ’ ይበሏት።”

“እነግራታለሁ።”

“መቼ?”

“ዓይኔ ይዳንልኝና።”

“በማርያም?”

“እነግራታለሁ አልኩሽ! ደግሞ ታስምይኛለሽ እንዴ?” ተቆጣች። ቁጣዋ የድሮው ነው፤ ‘አጥቤዋለሁ አላልኩሽም’ ስትለኝ የነበረው። እኔም እንደ ድሮው አመንኳት።

ስትሄድ “የትራስ ልብሴ አርጅቷል” አለችኝ። እዚያው ሰፍቼ ሰጠኋት፤ ከታጠበ ጨርቅ። ገለበጠችው። ዓይኗ ባያይም እንደ ልማዷ ጨፈነችው። አውራ ጣቷ ከዳር እስከ ዳር ሄደ፤ የትም አልቆመም።

“ስፌቱስ የኔ ነው” አለች።

ነውር ሲመጣ ስፌቱ የእሷ አይደለም፤ ሲያምር የእሷ ነው። በሩ ድረስ ሸኘኋት።

ዓይኗ ዳነ። ከቢቸና የሚመጣ ሰው ሁሉ ክር ራሷ ማስገባት እንደጀመረች ይነግረኝ ነበር። ወይዘሮ አስካለም በሕይወት አለች፤ ቤታቸው አንድ ሠፈር ነው፣ ማኅበራቸውም አንድ ነው። የወይዘሮ አስካለ መልእክት ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ባትመጣ ሰው ትልካለች፣ ሰው ባትልክ ሙሉ ሰምታ ትነግረኛለች እያልኩ ጠበቅኩ። ፋሲካ ሲመጣ በፋሲካ፣ መስቀል ሲመጣ በመስቀል አልኩ። ከቢቸና የመጣ አውቶቡስ መነኸሪያ በገባ ቁጥር በሬን እከፍት ነበር። ዓመታት አለፉ። በመጨረሻ በራፌ ላይ የቆመችው ነጠላዋን ያዘቀዘቀችው ሙሉ ናት።

እንግዲህ ሙሉን የጠየቅኳት ይህን ነው።

“ለአስካለ ነገረቻት?”

“ማን? ምኑን?”

“እትዬ ብርቄ። ጨርቁን ያላጠበችው እሷ መሆኗን።”

ሙሉ ወደ መሬት አየች። “ኧረ እኔ አልሰማሁም እታለም። እንዲያውም...” አለችና ተወችው።

“እንዲያውም ምን?”

“አትቆጪ እንግዲህ። አስካለ ለቅሶው ላይ ደረቷን እየመታች ምን እያለች ነበር መሰለሽ? ‘የሰው ጥፋት ከኪሷ የከፈለች፣ ያዋረደቻትን ያበላች’ እያለች ነው ያለቀሰችው። ለቀስተኛው ሁሉ አብሮ አለቀሰ። አንቺ የሰፋሽላቸውን የትራስ ልብስም እትዬ ለጠያቂ ሁሉ ያሳዩ ነበር። ‘የኔ እጅ ነው፤ ያስተማርኳት ሞጣ አለች’ ይሉ ነበር።”

“ሙሉ።”

“አቤት።”

“ያን ቀን ‘ይንኮሻኮሻል’ ስላት አንቺ ሰምተሽ ነበር።”

“እኔ ምን አውቄ” አለች፤ “ክር እያስገባሁ ነበር።”

ለቅሶ አልሄድኩም። ለአርባዋም አልሄድኩም። ሙሉን ምሳ አብልቼ ሸኘኋት።

በማግሥቱ ተማሪዎቼን ሰብስቤ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ስሟን ከነአባቷ ስም። ከዚያ ወዲህ አዲስ ልጅ በመጣች ቁጥር መርፌ ሳላስይዛት ይህን እነግራታለሁ። “እኔም አጥቤዋለሁ ብልሽ አትመኚኝ፤ ንከሪው” እላታለሁ። በራፌ አጠገብ ሁለት ቅርጫት አለ። በአንዱ ታጥቦ የተተኮሰ አቡጀዲ አለ። በሌላው ገና ከሱቅ የመጣ፣ ውኃ ያልነካው። ልጆቹ ያንን ሁለተኛውን ቅርጫት “ብርቅነሽ” ይሉታል። “ይሄን ከታጠበው ነው ያወጣሽው ወይስ ከብርቅነሽ?” ይባባላሉ። ስሙን ያወጣሁለት እኔ አይደለሁም። አልከለከልኳቸውምም።